መካኒኩን አለቃ ስናደርገው

ኮምቦልቻ ባለ አንድ ፋብሪካ የሰው ሀብት ክፍል ውስጥ እሠራለሁ። በሥራ ዘመኔ ብዙ ሽኝት አይቻለሁ፤ ከሁሉም የማይረሳኝ ግን የአንድ አንጋፋ የጥገና ባለሙያ ነው። 60 ዓመት ሞላቸው፣ የጡረታ ደብዳቤያቸውን እኔው አዘጋጀሁ። ጋቢ አለበስናቸው፣ በፍሬም የገባ የምስክር ወረቀት ሰጠናቸው፣ ዳቦ ተቆረሰ፣ ተጨበጨበ።

በሦስተኛው ሳምንት አንድ የሽመና ማሽን እየተነሣ መቆም ጀመረ። ወጣቶቹ ሁለት ቀን ሙሉ ፈተው ገጠሙት፤ አልሆነም። የፈረቃ ኃላፊው የሚያደርገው ሲያጣ ደወለላቸው።

«ጋሼ፣ ተቸግረን ነው።»

«አብሽር፣ እመጣለሁ።»

ከደሴ ሚኒባስ ይዘው የሐረጎን ቁልቁለት ወርደው መጡ። «አስነሡልኝ» አሉና የካቻቢቴውን ጫፍ ማሽኑ ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ አስደግፈው አዳመጡ። ብዙም አልቆዩ። «በግራ በኩል ያለው ኩሽኔታ ነው» አሉ። ተፈታ፤ ያሉት ነበር።

የዚያን ዕለት ማህደራቸውን አውጥቼ አገላበጥኩት። የዓመት ፈቃድ፣ የደመወዝ ጭማሪ፣ በማርፈዳቸው የተሰጠ አንድ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ። ምን እንደሚችሉ የሚናገር አንዲት መስመር አልነበረችም። ስንት ዓመት ያካበቱትን ዕውቀት ጋቢ አልብሰን ነው የሸኘነው።

«ታለንት ማኔጅመንት» የሚባለውን ነገር በየሆቴሉ አዳራሽ ሠልጥነንበታል። እኔ የገባኝ እንዲህ ነው፦ ማን ምን እንደሚችል ማወቅ፣ እሱ ቢቀር የትኛው ሥራ እንደሚቆም ማወቅ፣ ከመሄዱ በፊት አጠገቡ ሰው ማስቀመጥ። ይህን ባነሣሁ ቁጥር የሚሰጠኝ መልስ «ሠራተኛ እንደሆን በር ላይ ሞልቷል» የሚል ነው። እውነት ነው፣ ሥራ ፈላጊው ብዙ ነው። አዲስ ሰው ዛሬ ቀጥሮ በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት እስከ 60 የሥራ ቀን መሞከር ይቻላል። ኩሽኔታ በድምፁ የሚለይ ጆሮ ግን በ60 ቀን አይገኝም።

ይህን 2014 ዓ.ም. በደንብ አሳይቶናል። በጥቅምት መጨረሻ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ገባ፤ ከተሞቹ በኅዳር መጨረሻ እስኪመለሱ ብዙ ድርጅት ተዘርፎ ነበር። እኛ ጋ ሞተርና ገመድ ብቻ አልነበረም የሄደው፣ የኤሌክትሪክ መስመሩ ንድፍም ከቢሮው ወረቀት ጋር ጠፋ። ሁለት ነባር ኤሌክትሪሺያኖች ንድፉን ከጭንቅላታቸው እያወጡ ካርቶን ላይ ሳሉት፤ መስመሩም በዚያ ካርቶን ተዘረጋ።

ከሁለቱ አንዱ ዛሬ አብሮን የለም። የደመወዙ ጣሪያ ላይ ደርሶ ስለነበር፣ ለመጨመር የነበረው መንገድ የክፍል ኃላፊ ማድረግ ብቻ ነበር። አደረግነው። ከዚያ በኋላ ቀኑ ስብሰባ፣ ሪፖርትና የዕቃ መጠየቂያ ላይ ፊርማ ሆነ። ሰው መቆጣት የማይሆንለት ሰው በመሆኑ ክፍሉም ተበተነበት። «ወደ መሣሪያዬ መልሱኝ» ብሎ ማመልከቻ አስገባ፤ «ደመወዝህ ይቀንሳል» ተባለ። መልቀቂያውን ጠይቆ አዲስ አበባ ሄደ። በቅጹ ላይ የለቀቀበትን ምክንያት «የግል ጉዳይ» ብሎ ሞላው። ሲሰናበተኝ ግን «እኔ እኮ ኃላፊ ልሁን ያልኩበት ቀን የለም» አለኝ። ጥሩ ባለሙያም ጥሩ ኃላፊም ያጣነው በአንድ ደብዳቤ ነው።

እዚሁ ኮምቦልቻ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አለ። እዚያ የሚያስተምር ሰው ዲን ሳይሆን ረዳት ፕሮፌሰር፣ ከዚያም ተባባሪ ፕሮፌሰር መሆን ይችላል፤ ማዕረጉና ደመወዙ ሲያድግ ከማስተማር አይነጠልም። ሐኪምም ስፔሻሊስት ለመሆን ስቴቶስኮፑን አያስቀምጥም። መካኒኩና ኤሌክትሪሺያኑ ለምን ይህ ይከለከላቸዋል? አንደኛ ደረጃ፣ ከፍተኛ፣ ዋና ባለሙያ እያልን፣ ዋና ባለሙያው ከክፍል ኃላፊው እኩል ወይም በላይ የሚከፈለው መሰላል እንሥራ። ከዋና ባለሙያው ሥራ አንዱ ሁለት ልጅ አጠገቡ ይዞ ማሳየት ይሁን፤ በዚያም ይመዘን።

«አሠልጥነን ለሌላ ልንሰጥ ነው?» የሚል ሥጋት እሰማለሁ። ሥጋቱ ከሜዳ የመጣ አይደለም፤ የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2009 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ እጅ ያለው ሰው መሄጃ አላጣም። ሆኖም እኔ ከሸኘኋቸው ብዙዎቹ የተናገሩት ስለ ብር ብቻ አይደለም። «ማን አየኝ?» ነው የሚሉት።

ጋሼ አሁንም ይደወልላቸዋል። ባለፈው ሲመጡ ለአፓረንት፣ ማለትም ለሥራ ልምምድ የመጣች አንዲት ተማሪ ከኋላቸው ቆማ ነበር። እኛ ዕቃ ግምጃ ቤት ካርድ እንድትሞላ ነበር ያስቀመጥናት፤ ድምፁን ሰምታ ራሷ ወጥታ ነው። ካቻቢቴውን አቀበሏትና ጆሮዋን እንድታስጠጋ ነገሯት።