የጉልበት ዲግሪ በማን ሽንት ቤት ይለካ?

ሰሞኑን የፊዚዮቴራፒ ሥርዓተ ትምህርት ክለሳን በተመለከተ እዚሁ መሐል አዲስ አበባ መምህራን ሲመክሩ የተነሣው ሐሳብ በዝምታ የሚታለፍ አይደለም። ስለ ማኅበራዊ ፍትሕና ስለ ዘላቂነት የሚሰጠው ትምህርት ተማሪዎች ታካሚን ቤቱ ሄደው ከሚያዩበት የቤት ለቤት ልምምድ ጋር ይቀነስ፣ የተረፈው ሰዓት ለማሽን ሕክምና ይሰጥ ተባለ። የቀረበው ምክንያት ደግሞ ይህ ነው፦ ፊዚዮቴራፒስት ጡንቻና መገጣጠሚያ ያክማል እንጂ መንገድና ሽንት ቤት አይሠራም፤ ፍትሕ የሕግ ተማሪዎች ጉዳይ ነው።

ሽንት ቤትን ያነሡት እነሱ ናቸው፤ ከዚያው እንጀምር።

የጭኑ አጥንት ተሰብሮ ለሳምንታት የተኛ ሰው ጉልበቱ ይደርቃል። ተማሪው መገጣጠሚያ ስንት ዲግሪ እንደሚታጠፍ የሚለካበትን ባለ ሁለት ክንድ መሣሪያ፣ ጎኒዮሜትሩን ያነሣል። መሐሉን ከጉልበቱ ውጫዊ ጎን ካለችው የአጥንት ጉብታ ላይ ያሳርፋል፣ የመሣሪያውን አንዱን ክንድ ወደ ዳሌው ጉብታ፣ ሌላውን ወደ ውጫዊው ቁርጭምጭሚት ያቀናል፤ 70 ዲግሪ ይላል። ብዙ ከተለፋ በኋላ 110 ይደርስና መዝገቡ ላይ «ግቡ ተሳክቷል» ተብሎ ተጽፎ ታካሚው ይሸኛል። ይህ 110 ከየት መጣ? ከመማሪያ መጽሐፉ ነው። መጽሐፉ ደግሞ የተጻፈው ወንበር ላይ ተቀምጦ ለሚበላ፣ ሽንት ቤትም እንደ ወንበር ለሚቀመጥ ሰው ነው። ለዚያ ሰው 110 ይበቃዋል። አራዳ ውስጥ ጎረቤት ሁሉ በሚጋራው የግቢ ሽንት ቤት ቁጢጥ ለማለት ግን ጉልበቱ ወደ 130 ዲግሪና ከዚያ በላይ መታጠፍ አለበት። ቁርጭምጭሚቱም ተረከዙ መሬት ሳይለቅ ወደ ፊት መተጣጠፍ ይኖርበታል፤ ይህንንማ ብዙ ጊዜ የሚለካው እንኳ የለም። ዱካ ላይ ተቀምጦ መነሣትም ቢሆን ከፍ ካለ ወንበር እንደመነሣት አይደለም።

እንግዲህ «ግቡ ተሳክቷል» የተባለለት ሰው ቤቱ ሲደርስ በአንድ እጁ ቆርቆሮውን ይዞ፣ የታመመ እግሩን ወደ ፊት ዘርግቶ፣ ክብደቱን ሁሉ በደህናው እግር ላይ ጥሎ ይሞክራል። ወለሉ እርጥብ ነው። አንዱ ይወድቃል፤ ሌላው ሽንት ቤት ላለመሄድ ሲል ውኃ መጠጣቱን ይቀንሳል። በ110ና በ130 መካከል ያለው 20 ዲግሪ የማን ጉዳይ ነው? የሕግ ተማሪ ነው የሚያጥፈው?

ጉልበቱ ከዚህ በላይ አልታጠፍ ካለ ደግሞ ሌላ ትምህርት አለ። ጉድጓዱ ላይ የሚቀመጥ፣ 45 ሳንቲሜትር ገደማ ከፍታ ያለው፣ መሐሉ የተቀደደ የእንጨት ወንበር ማንኛውም የሰፈር አናጢ ይሠራዋል። በርካሹ የፕላስቲክ ወንበር መጠቀም ይቻላል የሚሉ አሉ፤ ነገር ግን መቀመጫው ሲቀደድ ጥንካሬውን ያጣል፣ እግሮቹ ወደ ውጭ ይከፈታሉ፣ ከቀዳዳው ጠርዝ ተነሥቶ ይሰነጠቃል፣ ታካሚው ሁለተኛ ይሰበራል። የግድ ፕላስቲኩ ከሆነ ከሥሩ የእንጨት ማቀፊያ ይግባለት። የእንጨቱ እግሮች ጫፍ ላይም እንዳያንሸራትት አሮጌ የመኪና ጎማ ተቆርጦ ይመታበት። ይህን የማያውቅ ባለሙያ ሕክምናውን በር ላይ ጥሎ የሄደ ባለሙያ ነው።

ዘመናዊነት በማሽን ይመጣል የሚለው ክርክር ከዚህም ይብሳል። ለወገብ ሕመም አልትራሳውንድም (በድምፅ ሞገድ ማከሚያው) ቴንስም (በቆዳ ላይ በሚለጠፍ ነገር ኤሌክትሪክ እየላከ ሕመም ያስታግሳል የሚባለው ማሽን) እንዳይሰጥ የብሪታንያው የሕክምና መመሪያ አውጪ ተቋም ናይስ እ.ኤ.አ. በ2016 በግልጽ ጽፏል። እነሱ የተዉትን እኛ ለማስተማር የመስክ ሰዓት እንቆርጣለን! ማሽኑ ደግሞ ከመጣ በኋላ ያለው ጣጣ ለማንም አዲስ አይደለም። በ110 ቮልት የሚሠራ የእርዳታ መሣሪያ ያለ ትራንስፎርመር በእኛ 220 ላይ ይሰካና ይቃጠላል። የቴንሱ ተለጣፊ ደጋግሞ ከተለጠፈ በኋላ መያዝ ያቆማል፤ መተኪያው በውጭ ምንዛሪ ነው። ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሰለለ የጭን ጡንቻን በኤሌክትሪክ ማነቃቃት ጥቅም እንዳለው አልክድም። ከዚያ ያለፈውን ግን ልምምድ ይሠራዋል፣ ልምምድም ርካሽ ነው። ግማሽ ሊትር ውኃ የያዘ ሃይላንድ ግማሽ ኪሎ ነው፤ ባለ ሁለት ሊትሩ ሁለት ኪሎ። በጨርቅ ከቁርጭምጭሚት በላይ ይታሰራል። አሸዋ ከተሞላበት ግን ክብደቱ ከውኃው አንድ ተኩል እጥፍ ገደማ ይሆናልና ሳይመዘን «አንድ ኪሎ» ብሎ መመዝገብ ስህተት ነው። ዘላቂነት የሚባለው ትምህርት ይኸው ነው፦ መብራት ሲጠፋ የማይቆም፣ ሲሰበር ሰፈር ውስጥ የሚጠገን ሕክምና።

ክራንችም እንደዚያው። የላይኛው ጫፍ ከብብት በታች ሁለት ሦስት ጣት ዝቅ ይላል፣ መያዣው ከእጅ አንጓ ትይዩ ይሆናል፣ ክርኑ ከ20 እስከ 30 ዲግሪ ይታጠፋል። ሳይለካ ከሌላ ታካሚ የተወረሰ ረጅም ክራንች ላይ በብብቱ የሚደገፍ ሰው የክንዱ ነርቭ ተጨፍልቆ እጁ ከአንጓው ወደ ታች ይንጠለጠላል። ለእግሩ መጥቶ እጁን ይዞ ይመለሳል።

በጣም የሚያንገበግበው ግን መዝገብ ላይ የምትሰፍረው «ያልተባበረ ታካሚ» የምትለዋ ጽሑፍ ናት። ከፒያሳ ተነሥቶ ዳር ሰፈር ኮንዶሚኒየም የገባ፣ ሊፍት በሌለው ሕንጻ አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖር የስትሮክ ታካሚ በሳምንት ሦስት ቀን ጥቁር አንበሳ ድረስ ና ይባላል። የልምምድ ክፍሉ ደረጃ 15 ሳንቲሜትር ነው፤ የሚኒባሱ መርገጫ የዚያን እጥፍ ያልፋል፣ ረዳቱም ይቸኩላል። በሦስተኛው ሳምንት ሲቀር ጥፋቱ የእሱ ይሆናል። ደረጃ መውጣት በ30 ሳንቲሜትር ሣጥን ላይ ቢለማመድ፣ ቤተሰቡ ማገዝ ቢማር፣ ቀጠሮው በሁለት ሳምንት አንዴ ቢሆን ይመጣ ነበር።

የኮሪደር ልማቱ የእግረኛ መንገዱን አስፍቶታል። ከመንገዱ ወደ ሕንጻው ሲገባ ግን ያው ሦስት ደረጃ አለ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንጻ አዋጅ ቁጥር 624/2001 በአንቀጽ 36 ሕዝብ በሚገለገልባቸው ሕንጻዎች ለአካል ጉዳተኞች መግቢያ እንዲኖር አዟል። ለ15 ሳንቲሜትር ከፍታ 1 ሜትር ከ80 የሚረዝም ራምፕ (ተዳፋት መውጫ) ያስፈልጋል፤ በ60 ሳንቲሜትር ርዝመት ብቻ የተቆለለ ሲሚንቶ ዊልቼርን ወደ ኋላ ይገለብጣል። ይህንን ሜትር ዘርግቶ የሚናገር ባለሙያ ካልሠለጠነ ማን ይናገር?

ስለዚህ የቤት ለቤት ልምምዱ ባለበት ይቆይ። በምዘና ቅጹ ላይም ሦስት መስመር ይጨመር፦ የሽንት ቤቱ ዓይነት፣ ከአልጋው እስከ ታክሲው ያለው ደረጃ ብዛትና ከፍታ፣ የደርሶ መልስ ሒሳቡ። በመውጫ ፈተናውም ይጠየቅ። የግድ ሰዓት የሚቆረጥ ከሆነ ከአልትራሳውንዱ ይቆረጥ።