«ለመጠየቅ ብቻ ነው»

ለሰልፍ ጣሾቻችን እስካሁን ሐውልት አለመቆሙ ይገርመኛል። ለሯጭ ሜዳሊያ እንሰጣለን። ለአርበኛ አደባባይ እንሰይማለን። አርባ ሰው ፀሐይ ላይ የቆመበትን ሰልፍ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሰንጥቆ መስኮቱ ጋ ለሚደርሰው ጀግና ግን አንዲት የምስክር ወረቀት እንኳ አላዘጋጀንለትም። ዓረፍተ ነገሩን ታውቁታላችሁ። «ለመጠየቅ ብቻ ነው።»

እስቲ ጨዋነቱን እዩልኝ። ሰውየው አይጋፋም፣ አይሳደብም። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ፣ «ይቅርታ ወንድሜ፣ ለመጠየቅ ብቻ ነው» ይላል። ከዚያ ቃሉን ጠብቆ ይጠይቃል። «ትኬት ስንት ነው?» ልጅቷ ዋጋውን ትነግረዋለች። «እንግዲያውስ አምስት ቁረጪልኝ።» ምን ያድርግ? መልስ ሰጥታው እያለ ዝም ብሎ ቢሄድ እሱም ነውር ነው።

ይህን ጥበብ ባንክም፣ ወረዳም፣ ነዳጅ ማደያም አይቼዋለሁ። አምሮ የሚታየው ግን መዝናኛ ፓርክ ውስጥ ነው። ባንክ ቤት የሚጋፋው ቸግሮት ነው ይባልለታል። ወረዳ የሚጋፋው ሠራተኛዋ ለስብሰባ እንዳትወጣበት ሰግቶ ነው። ፓርክ ውስጥ ግን የሚቸኩል ሰው የለም። ሁሉም የመጣው ቀኑን ሊያጠፋ ነው። ምንም ሳይቸኩሉ መቅደም፣ እሱ ነው ጥበብ ለጥበብነቱ!

ለዳግማይ ትንሣኤ እሁድ ከባለቤቴ ጋር ከለገጣፎ ወዲያ ወዳለ አንድ መዝናኛ ሄድን። ስሙን አልጠራም፤ ጥፋቱም የሱ አልነበረም። ባለቤቴ የሒሳብ ሠራተኛ ናት። ያለ ሠንጠረዥ ሻይ አታፈላም። የዕለቱን ዕቅድ ስልኳ ላይ ጽፋ ነበር። ሦስት ሰዓት መድረስ። ሦስት ሰዓት ተኩል ትልቁ ሽክርክሪት ላይ መውጣት፣ ጠዋት አየሩ ጥርት ስለሚል። ከዚያ የሚጋጩት መኪኖች። ምሳ ሣር ላይ። ከሰዓት እንደ ሁኔታው። «እንደ ሁኔታው» የሚለውን የጻፍኩላት እኔ ነኝ። እሷ ባዶ ቦታ አትወድም።

ከመገናኛ እስከ አያት በባቡር ተጓዝን። አያት ላይ የታክሲ ሰልፍ ያዝን። እዚህ ላይ ስለ አንድ የመልካም ምግባር ዓይነት ልናገር። ታክሲው ገና ከሩቅ ብቅ ሲል ከሰልፉ አምስት ስድስት ሰው ነጠል ብሎ ወደሱ ይራመዳል። ሊቀበሉት ነው ብላችሁ ታስባላችሁ፤ እንግዳ ተቀባይ ሕዝብ ነን። ታክሲው እኛ ጋ ሲደርስ ተቀባዮቹ ውስጥ ተቀምጠው በመስኮት ቁልቁል ያዩናል። ተራ አስከባሪው «ውረዱ!» ብሎ ይጮኻል። እነሱ ስልካቸውን ያያሉ። ረዳቱ «ሙሉ ነው፣ ሳበው!» ይላል። መጽሐፉስ ኋለኞች ፊተኞች ይሆናሉ አይደል የሚለው? ሌላው ዓለም ትንቢቱን ይጠብቃል። እኛ አያት ላይ በየአሥር ደቂቃው እንፈጽመዋለን።

አራት ሰዓት ከሩብ ላይ ተሳፈርን። ባለቤቴ ሽክርክሪቱን ወደ አምስት ሰዓት አዘዋወረችው።

ሰልፍ ማክበር የሚችል ፍጡር አገራችን ውስጥ የለም እያልኩ አይደለም። ድንጋይ አለ። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የኖረ ያውቀዋል። ማታ ቦኖው አጠገብ ጀሪካን ይሰለፋል። ጀሪካን ያልተረፈው ድንጋይ ያስቀምጣል። ድንጋዩ ውርጩን ችሎ፣ ውሻ ሸንቶበት፣ ተራውን ጠብቆ ያድራል። «ለመጠየቅ ብቻ ነው» ብሎ ወደፊት የተንፏቀቀ ድንጋይ እስካሁን አልታየም። ለዚህም ነው ድንጋይ ሆኖ የቀረው።

ፓርኩ በር ላይ ፍተሻ ነበር፣ ወንድ በወንድ፣ ሴት በሴት። ባልና ሚስት ሆነን ሄደን በር ላይ ተለያየን። የቋንጣ ፍርፍሩ ምሳ ዕቃ እሷ ቦርሳ ውስጥ ነበር። «ምግብ ይዞ መግባት አይቻልም» አሏት። ሣር ላይ ሊበላ የታቀደው ምሳ ከጠዋቱ አምስት ሰዓት ላይ፣ ከበሩ ውጪ፣ በቁም ተበላ። ባለቤቴ እየጎረሰች ሠንጠረዡን አስተካከለች። ምሳውን ከዕቅዱ ቀድመን መጨረሳችንን ሳመሰግናት ዝም አለችኝ።

ትኬት መቁረጫው ጋ ስንደርስ ዕድላችን የተቃና መሰለን። ከፊታችን የቆመችው አንዲት ቀጭን ልጅ ብቻ ናት። ብዙ ሳይቆይ እናቷ መጣች። ከዚያ አክስቷ። ከዚያ የአክስቷ ባል፣ ከነወንድሙ። ከዚያ አንድ ሚኒባስ ሙሉ ሕዝብ ኬክ ተሸክሞ መጣ። (ኬኩ ፍተሻውን እንዴት እንዳለፈ አትጠይቁኝ። ሰው አላቸው።) «ተራ ይዛልን ነው» አሉን በትሕትና። አልዋሹም። ልጅቷ ይዛላቸዋለች። አንዲት ልጅ ስንት ሰው ተራ መያዝ እንደምትችል ግን ገደቡን የነገረን የለም።

ኮፐንሃገን ውስጥ ስልክ ኩባንያ ይሠራ የነበረ ኤርላንግ የሚባል ዴንማርካዊ፣ እንደ አውሮፓውያን በ1909 የዚህን ነገር ሒሳብ አንድ ብሎ ጀምሮት ነበር። በደቂቃ ስንት ጥሪ ይመጣል፣ አንዱ ጥሪ ስንት ደቂቃ ይፈጃል፣ ስለዚህ ደዋይ ምን ያህል ይጠብቃል፣ እያለ ያሰላል። የዛሬው የሰልፍ ሒሳብ ሁሉ መነሻው እሱ ነው። ደግ ሰው ይመስለኛል። ግን ቀመሩ ውስጥ የአክስት ባል የለም።

ሰልፍ የማፍረስ ጥበብ የኛ ብቻ ነው የሚሉ አሉ። ታሪክ ግን አያግዛቸውም። ዲዝኒላንድ የሚባለው መዝናኛ ፓርክ ካሊፎርኒያ ውስጥ የተከፈተው እንደ አውሮፓውያን ሐምሌ 17 ቀን 1955 ነው፣ ያውም እሁድ። ዝግጅቱ በጥሪ ብቻ ነበር። ሐሰተኛ ትኬት ተባዝቶ 28,000 ያህል ሰው ግቢውን ሞላው። ሙቀቱ በርትቶ፣ አዲሱ አስፋልት ላልቶ፣ የሴቶቹ ታኮ መሬት ውስጥ ይሰምጥ ነበር። አንድ ብልህ ሰው ደግሞ አጥሩ ላይ መሰላል አስደግፎ፣ ሰው በ5 ዶላር ያሻግር ነበር ይባላል። ይህን ሳነብ ዘመዴን ያገኘሁ ያህል ደስ አለኝ። ያ ሰው በእናቱ በኩል ከምናለሽ ተራ ሳይሆን አይቀርም።

እነሱ ግን እንደኛ ቸር አይደሉም። እንደነሱ አቆጣጠር በ1999 ፋስትፓስ የሚባል ወረፋ ማሳጠሪያ አመጡ፤ በነጻ ነበር። በ2021 አሜሪካ ባሉት ፓርኮቻቸው እሱን አስቀርተው፣ ወረፋ ማለፊያውን በገንዘብ መሸጥ ጀመሩ። እኛ ጋ ይህ አገልግሎት ያለ መተግበሪያ፣ ያለ ክፍያ፣ በአንገት ሰበር ብቻ ይሰጣል።

ትልቁ ሽክርክሪት ጋ ስንደርስ ሰባት ሰዓት አልፏል። ሰልፉ አጥሩን ተከትሎ ይጠማዘዛል። እዚያ ሁሉም ዓይነት ባለሙያ ተሰብስቦ ነበር። አንዱ ስልክ እያወራ ነው። ሲያወራ ይንጎራደዳል፤ እየተንጎራደደ ስድስት ሰው አለፈ። ወሬው ሲያልቅ በሩ ጋ ነው። ሌላው «እኔ በቴሌብር ነው የምከፍለው» ይላል፣ ሰልፉ የወረቀት ብር ይዞ ለመጣ ሰው ብቻ የተዘጋጀ ይመስል። አንዷ ልጅ ታቅፋለች። ስታልፍ ልጁን ለባለቤቱ መለሰችለት። እውነቴን ነው፣ ልጁ የሷ አልነበረም።

ባለቤቴ እዚህ ላይ አልቻለችም። «ወንድሜ፣ ሰልፍ አለ እኮ!» አለችው ባለ ቴሌብሩን።

ዞር ብሎ አያት፣ በሐዘኔታ። «እናቴ፣ በበዓል ምድር ምን ያናድድሻል?»

አሁን የሚቀጥለውን ልብ በሉ። ሰልፉ ወደሱ አልዞረም። ወደሷ ነው የዞረው። ከኋላ አንዲት ሴትዮ «ተይው እቴ፣ ለአንድ ሰው ብለሽ» አሉ። አንድ አዛውንት «ልጄ፣ ትዕግሥት ጥሩ ነው» ብለው መከሯት። አንድ ወጣት «ሲስተር፣ ረጋ በይ» አላት። ባለ ቴሌብሩን የመከረው ማንም የለም። እሱማ ረጋ ብሏል። ጮኻ የበዓሉን ድባብ የረበሸችው የኔ ሚስት ናት።

ከዚህ ሁሉ የሚደነቀው ይኸ ነው። ሰልፍ ጣሽ ብቻውን የትም አይደርስም። ጀርባውን የሚሸፍንለት ሠራዊት አለው። ይሉኝታ የሚባል። አርባ ሰው ሆዱ እየተቃጠለ፣ ጥርሱን ነክሶ፣ «ይለፍ፣ ምን ይደረግ» ይላል። አርባውም ደግ ነው። ከአርባው መካከል አንዱ እንኳ ክፉ ቢሆን ሰልፉ ይንቀሳቀስ ነበር። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እያልን አሳድገነው፣ ይኸው እንቁላሉ በእግሩ ሄዶ ከፊታችን ተሰልፏል።

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ የመኪና ጡሩምባ ተሰማ። ሙሽሮች! በጾሙ 55 ቀን ሠርግ ስለማይደገስ፣ ዳግማይ ትንሣኤ ሲደርስ አገሩ ሁሉ ይዳራል። ፎቶ የሚነሱበት ቦታ ፍለጋ ወደ ዳር ዳር ይወጣሉ። ሙሽራ፣ ሙሽሪት፣ ስምንት ሚዜ፣ ሦስት ካሜራ፣ አንድ ድሮን። ቪዲዮ አንሺው ቀጥ ብሎ ወደ ሽክርክሪቱ በር ሄደ።

«ሙሽሮቹ ላይ ሆነው፣ አንድ ሾት ብቻ!»

«አንድ ሾት ብቻ» የ«ለመጠየቅ ብቻ» ታላቅ ወንድም ነው። ማን ይከለክላል? ሰልፉ ራሱ ተከፍሎ አሳለፋቸው። እልልታው ቀለጠ። ከፊታችን የነበሩ አንዲት ሴትዮ እያለቀሱ ነበር፣ ከደስታ ይሁን ከድካም አልለየሁትም።

እልል እያልኩ ዘወር ስል ባለቤቴ አጠገቤ የለችም። ፈለግኳት። ሙሽሪት ጋ ናት። የቬሎውን ጫፍ በሁለት እጇ አንሥታ፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ፣ ከሚዜዎቹ ኋላ ትሄዳለች። ሙሽሪትን በሕይወቷ አይታት አታውቅም። በሩ ላይ ያለው ሠራተኛ ቬሎውን አየ፣ እሷን አየ፣ አሳለፋት። እንደዚያ ያለ ንጹሕ ሥራ ቀኑን ሙሉ አላየሁም። ከኋላዬ የነበሩት አዛውንት «የሙሽራዋ እህት ናት?» አሉኝ። «በአክስት በኩል ነው» አልኳቸው።

ሽክርክሪቱ መዞር ጀመረ። ሙሽሮቹ ወጡ፣ ሚዜዎቹ ወጡ፣ ባለ ቴሌብሩም በመጨረሻ ወጣ። ባለቤቴ የመጨረሻው ጫፍ ላይ ስትደርስ ስልኳን አወጣች። ሠንጠረዡ ላይ ምልክት ልታደርግ መሆኑን ከታች ሆኜ አውቄዋለሁ።

መብራት ሄደ።

ሙዚቃው ተቋረጠ። ሽክርክሪቱ ባለበት ቆመ። «ጄኔሬተር የለም እንዴ?» አለ አንዱ። ጄኔሬተሩ አለ፣ ናፍጣው የለም። ሰማዩ ደግሞ የበልግ ነገር ሆኖ ከምሥራቅ በኩል መጥቆር ጀምሯል። ሠራተኞቹ ተጠራርተው በእጅ እያዞሩ፣ አንድ አንድ ሳጥን ወደ ታች ለማውረድ ተስማሙ። በሩ ላይ ያለው ሠራተኛ በአፉ ላይ እጁን አድርጎ ወደ ላይ ጮኸ። «ተረጋጉ! ሁላችሁም በተራ ትወርዳላችሁ!»

በተራ የምትለዋን ቃል ባይናገር ጥሩ ነበር። ላይ ያለው ሕዝብ ተንጫጫ።

«ሙሽሪት ትቅደም!»

«ካሜራው ባትሪ እየጨረሰ ነው፣ አንድ ሾት ብቻ ቀርታናለች!»

«እኔ እኮ ከሱ በፊት ነው የገባሁት!» ይህ ባለ ቴሌብሩ ነው።

«ይቅርታ ወንድሜ፣ መቼ እንደምንወርድ ለመጠየቅ ብቻ ነው!»

ሠራተኛው አንገቱን አቅንቶ ማንን እንደሚያስቀድም ግራ ገብቶት ቆመ። የዝናቡ የመጀመሪያ ጠብታዎች መውረድ ጀመሩ። ያኔ ከሁሉም በላይ ካለችው ሳጥን፣ በደንብ የማውቀው ድምፅ መጣ። ባለቤቴ ግማሽ አካሏን አውጥታ በጣቷ ወደኔ ትጠቁማለች።

«ያ ሰማያዊ ሹራብ የለበሰው ባለቤቴ ነው! ታች ተራ ይዞልኛል!»