ግልጽ ደብዳቤ፦ ደመወዝ እየበላ ለማይሠራው ግራ እጄ

ጉዳዩ፦ ባክሃንድ ላይ ስላሳየኸው ልግመት

ይድረስ ለግራ እጄ፣ ካለህበት።

እንደ ወጉ «ክቡር» ብዬ ልጀምር ነበር። ግን ሥራ ሳይሠራ ክቡር የሚባል በአገሩ ሞልቷል፣ አንተን ልጨምርበት አልፈለግሁም።

እንዴት ነህ? ደህና እንደሆንክ አውቃለሁ። ምን ደክሞህ! ቴኒስ ተጫውተን ስንወጣ ቀኝ እጅ እስከ ክርኑ ያመዋል፣ ጉልበቴ ይንቀጠቀጣል፣ ወገቤ ማታ በቅባት ካልታሸ አይተኛም። አንተ ግን ትኩስ ነህ። ማኪያቶው ሲመጣ ደግሞ ብርጭቆው ላይ ከሁሉ ቀድመህ የምትደርሰው አንተ ነህ።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ፣ አንተም ብትሰማ አይጎዳህም። በቀኝ እጁ ለሚጫወት ሰው ባክሃንድ ማለት በግራ በኩል የመጣውን ኳስ መምቻ ነው። በአንድ እጅ የሚመቱ አሉ። በሁለት እጅ ስንመታ ቀኝ እጅ ራኬቱን ከእጀታው ግርጌ ይይዛል፣ ግራው ከእሱ በላይ ይገባል። ብዙ ሰው ግራው ለድጋፍ የገባ ይመስለዋል። አይደለም። የሁለት እጅ ባክሃንድ ከሞላ ጎደል የግራ እጅ ፎርሃንድ ነው፤ ፎርሃንድ ማለት ኳሱን በሚመታው እጅ በራሱ በኩል መምታት ነው። ኳሱን የምትገፋው አንተ ነህ፣ ወዴት እንደሚሄድ የምትወስነው አንተ ነህ፣ ቀኙ ነው አጋዡ። ይህንን አሳምረህ ታውቃለህ፣ አውቀህ ነው የተኛኸው።

እኛ ቤት ያለው ሌላ ነው። ቀኝ እጅ ይጎትታል፣ አንተ የረዳቱ ጓደኛ ነኝ ብሎ ሚኒባስ ላይ በነፃ እንደሚሳፈር ሰው ተንጠልጥለህ ትሄዳለህ። ከዚያ ኳሷ ወይ መረቡ ውስጥ ትገባለች፣ ወይ ተንሳፋ ሜዳው መሃል ለተጋጣሚዬ ትቀርብለታለች፤ እሱም እግዜር ይስጥልኝ ሳይል ይመታታል። መረቡ እኮ መሃሉ ላይ 91.4 ሳንቲሜትር ብቻ ነው! ኳስ አቀባዮቹ ልጆች ለቀልድ ይዘሉታል።

መከራከሪያህን አውቃለሁ። «አስተዳደጌ ነው» ትላለህ። አልዋሸህም። ገበታ ላይ ብትዘረጋ በጥፊ ትመለስ ነበር። ለሰው ዕቃ በአንተ ማቀበል ነውር ነው። ጠዋት ከቤት ሲወጣ እንኳ ሰው «ቀኝ አውለኝ» ብሎ ነው የሚለምነው፣ አንተን ማንም በጸሎት አላሰበህም። ያሳዝናል፣ እሺ። ግን ራፋኤል ናዳልን ተመልከት። ሲጽፍ በቀኙ ነው፣ ቴኒስ ሲጫወት ግን በግራው ነበር፣ 22 ግራንድ ስላም (ከአራቱ ታላላቅ ውድድሮች ዋንጫ) ወስዷል። አዎ አዎ፣ እሱ ባክሃንድ ሲመታ ይገፋ የነበረው እጅ ከተፈጥሮው የሠለጠነው ቀኙ ነው፣ እሱማ ማጭበርበር ነው ልትለኝ ነው። ይሁንልህ።

አሜሪካዊቷን ተጫዋች ክሪስ ኤቨርትንስ ምን ልትል ነው? ትንሽ ልጅ ሳለች ራኬቱን በአንድ እጅ የማወዛወዝ አቅም ስላልነበራት ግራዋን ጨመረች። አሠልጣኟ አባቷ ነበር፣ አልወደደውም፣ ሲያድጉ ይቀራል ብሎ ተወው። አልቀረም። 18 ግራንድ ስላም አመጣላት፣ ከነዚህ 7ቱ ፓሪስ ቀይ አፈር ላይ። በፈረንጆቹ 1970ዎቹ እሷና ቢዮርን ቦርግ፣ ጂሚ ኮነርስም ጭምር፣ ይህን አመታት በዓለም አስፋፉት እንጂ አውስትራሊያ ውስጥማ ቪቪያን ማክግራዝ እና ጆን ብሮምዊች በ1930ዎቹም ይመቱት ነበር። ስለዚህ «አዲስ አሠራር ነው፣ ሥልጠና አልወሰድኩም» አትበለኝ። የምትመኘውን ደግሞ ደርሼበታለሁ። ባክሃንዱን በአንድ እጅ ይመታ የነበረውን የሮጀር ፌደረርን ግራ እጅ ሥራ ነው የምትፈልገው። ራኬቱን አንገቱ ላይ ያዝ አድርጎ ይሸኝ ነበር፣ ከዚያ ለቀቅ አድርጎ ወደ ኋላ ክንፉን ይዘረጋ ነበር፣ ፎቶውም ያምራል። ወንድሜ፣ እዚያ ሌላው እጅ የፌደረር ነው! በዚያ ላይ የአንድ እጅ ባክሃንድ ገበያው ቀዝቅዟል። በየካቲት 2024፣ በፈረንጆቹ፣ የወንዶች ደረጃ በ1973 ከተጀመረ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከምርጥ 10 ውስጥ በአንድ እጅ ባክሃንድ የሚመታ ጠፋ። በሁለት እጅ የሚመታውን ጆኮቪችን እያየህ እንዴት ታፍራለህ እንኳ አላልኩህም፣ ጨዋ ስለሆንኩ።

ደግሞ የት እንደምንኖር አትርሳ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ነች። አየሩ ስስ ነው፣ ኳሷን የሚይዛት የለም፣ ትፈጥናለች፣ ነጥራም ትከሻዬ ጋ ትመጣለች። ከ1,219 ሜትር በላይ ለሆነ ቦታ ተብሎ የሚሠራ ለየት ያለ ኳስ አለ። እኛ ግን የምንጫወተው ከውጭ የመጣ ዘመድ ሻንጣው ውስጥ በወረወረልን ነው። እዚህ ከፍታ ላይ የመጣችን ኳስ ቀኝ እጅ ብቻውን ወደ ታች ሊጫናት አይችልም። ሥራው የአንተ ነበር። አንተ የለህም።

ለፍትሕ ስል አንድ ነገር ልመን። ቀኝ እጅም ንጹሕ አይደለም። ራኬቱን አንቆ ይዞ አንተን አላሠራ ይላል። ሜዳው አጥር ዳር ቆመው «ጠበቅ አድርገህ ያዝ! ጠበቅ!» የሚሉኝ አንድ ጋሼ አሉ። እሳቸው ባሉ ቁጥር ቀኙ ያንቃል፣ ባነቀ ቁጥር ክርን ይቆለፋል፣ ኳሷም ከሜዳ ትወጣለች፣ ጋሼም «አላልኩህም?» ይላሉ። ለእሳቸው የብቻቸው ደብዳቤ ይጻፍላቸዋል።

ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ የሚከተለው ታዟል። ቀኝ እጅ ረፍት ይወጣል። ለመረቡ ቀረብ ያለው ሰርቭ መስመር ላይ ቆመን፣ ራኬቱን ከፍ አድርገህ እጀታው መሃል ላይ ይዘህ፣ አንተ ብቻህን ፎርሃንድ ትመታለህ። ቀስ ብለህ። መጀመሪያ ታሳፍራለህ፣ ኳስ አቀባዮቹም ይስቃሉ፣ ይሳቁ። ምትህ መጥራት ሲጀምር ቀኙ በሁለት ጣቱ ብቻ ይመለሳል፣ በሁለት ጣት ማነቅ አይችልማ። ትከሻ ቀድሞ ይዞራል፣ አገጬ ቀኝ ትከሻዬ ላይ እስኪደርስ። የራኬቱ ራስ ከኳሷ በታች ወርዶ ወደ ላይ ይወጣል፣ ያኔ ነው ቶፕስፒን፣ ኳሷን ወደ ፊት አሽከርክሮ ቶሎ የሚያወርዳት ነገር፣ የሚኖረው። ኳሷን ከፊት እንመታታለን። ወገቤን ካለፈች በኋላ ማሳደድ ቀርቷል፤ እዚያ ጋ ማንም እጅ ተአምር አይሠራም። በመጨረሻ መዳፍህ ኳሷን ወደምልክበት ያያል፣ ራኬቱም በቀኝ ትከሻዬ በላይ ያልፋል። «አላልፍም፣ ደክሞኛል» የሚል ማመልከቻ አልቀበልም።

ቅዳሜ ጠዋት 1 ሰዓት ሜዳ ላይ እንድትገኝ። ባትገኝም ትገኛለህ፣ ክንዴ ላይ ነው ያለኸው።

ከሰላምታ ጋር፣
ቀላቢህ

ግልባጭ፦
ለቀኝ እጅ፦ «ልቀቅ» ሲባል ለመልቀቅ
ለሁለቱ እግሮች፦ ከኳሷ ቀድመው እንዲደርሱ፣ የእናንተ ጉዳይ ገና አልተነካም
አጥር ዳር ለሚቆሙት ጋሼ፦ ለእውቀት ያህል፣ አስተያየት አልተጠየቀም