ከዋርካው ጀርባ

ጎንደር ላይ ሰርፕራይዝ ለማድረግ ያሰበ ሰው መጀመሪያ ጎንደርን ለቆ ቢወጣ ይሻለዋል። ፒያሳ ላይ ያስነጠሰ ሰው አዘዞ ሲደርስ «ይማርህ» ይባላል። ቀለበት ሊያይ ወርቅ ቤት ጎራ ያለ ጎረምሳም ዋጋ ጠይቆ ሳይጨርስ እናቱ ቤት ቡና ይፈላል።

እንዲያም ሆኖ ዘመኑ የመንበርከክ ነው። የዛሬ ልጅ «እንጋባ» ለማለት ሜዳ ይመርጣል፣ ብርሃን ይመርጣል፣ ፎቶ አንሺ ይደብቃል። ልጅቷ ምንም ሳታውቅ መምጣት አለባት። መደንገጥ አለባት። እጇን አፏ ላይ አድርጋ እንባ እንባ ሊላት ይገባል። ማታ ቲክቶክ ላይ ይወጣላ።

ከፈረንጅ የመጣ ነው እያሉ የሚያማርሩ ሰዎች አሉ። እኔ አልስማማም። ሰው በተሰበሰበበት፣ ከቤት ውጭ፣ ልጅቷን ሳታስበው መጠየቅ እዚሁ የኖረ ነገር ነው። በጥምቀት ታቦቱ ፋሲል መዋኛ ወርዶ ሕዝቡ ሲጨፍር ጎረምሳው የወደዳትን አይቶ ሎሚ ይወረውር ነበር። ሎሚውን ካነሳችለት ነገሩ ተጀመረ ማለት ነው። ካላነሳችለት ደግሞ የከሰረው ሎሚ ነው። ቀብድ የለ፣ ኮሚቴ የለ።

የአጎቴ ልጅ ግን ኮሚቴ አቋቋመ። ቴሌግራም ላይ «ምስጢር» የሚል ግሩፕ ተከፈተ። መጀመሪያ እኔና እሱ፣ ከዚያ ፎቶ አንሺው፣ ከዚያ የልጅቷ እህት ገባች። እህቷ ባሏን አስገባች። ባሏ ባጃጅ የሚነዳ ጓደኛውን አስገባ፤ ኬክ የሚያመጣ ሰው ያስፈልጋል ተብሎ። በሳምንቱ ግሩፑ ውስጥ የማላውቃቸው ሰዎች «እንኳን ደስ አላችሁ» ይሉ ጀመር። ገና ለጥያቄው!

የቦታው ነገር ብዙ አከራከረን። አንዱ ጎሃ ተራራ አለ፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ከተማው ከእግር ሥር ተዘርግቶ ይታያል። ደስ ይላል፤ ግን ከዚያ ላይ ማን ያልተንበረከከ አለ? አንዱ ደብረ ብርሃን ሥላሴ አለ፤ ጣሪያው ላይ የተደረደሩት መላእክት ይመስክሩልን ብሎ። የልጁ እናት ይህን ሲሰሙ አማተቡ። «እዚያ የሚሰገደው ለማን እንደሆነ ታውቃላችሁ?» አሉን። በዚሁ ተዘጋ። ቁስቋምም በዚሁ ምክንያት ወደቀ።

ፋሲል ግቢ ራሱ አልቀረም። አፄ ፋሲል ከተማውን በ1628 ዓ.ም. ሲቆረቁሩ እንዲህ ያለ ጉዳይ ይመጣል ብለው አላሰቡም መሰለኝ፣ አስጎብኚና የትምህርት ቤት ልጅ የማይደርስበት ጥግ ታጣ። መጨረሻ ላይ ፋሲል መዋኛ ተባለ። ዛፉ አለ፣ ጥላው አለ። የዋርካው ሥር ግንቡን ጨምድዶ ይዞታል። ሰው የሚያህል ሥር ነው፤ ፎቶ አንሺ ከነሌንሱ ይደበቅበታል።

ሁለት ነገር ግን ተረሳ። አንደኛ፣ መዋኛው ውኃ የለውም። ከቀሃ ወንዝ ውኃ የሚገባለት ለጥምቀት ነው፤ ከዚያ ውጭ ደረቅ ጉድጓድ ነው። የአጎቴ ልጅ ኅዳር ላይ ቆሞ «ጥላችን ውኃው ላይ እንዲታይ» ይላል። ጥር ድረስ ይታገስ ቢባል እምቢ አለ፤ ጥር ለሰርጉ ነው የተያዘው! ሁለተኛው የባሰ ነው። ጎንደሬ ፋሲል መዋኛ የሚሄደው ለጥምቀት ነው። በኅዳር፣ በሥራ ቀን፣ «ነይ እስኪ ዞር ዞር እንበል» ተብላ ወደዚያ የምትጠራ ጎንደሬ ምን እንደሚጠብቃት ለማወቅ ጠንቋይ አያስፈልጋትም።

ሰዓቱን የወሰነችው አሜሪካ ያለችው አክስቷ ናት። «ሥራ ከመግባቴ በፊት ላይቭ ልየው» አለች። በእኛ አሥር ሰዓት በዋሽንግተን ጠዋት ሁለት ሰዓት ነው። ፎቶ አንሺው «አሥር ሰዓት ላይ ፀሐዩ ገና ነው፣ ትንሽ ዘቅዘቅ ይበል» ብሎ ተከራከረ። ማን ሰማው? ቀብዱ ግማሽ የተከፈለው ከዋሽንግተን ነው።

ፊኛ በትልልቁ ተጽፎ ግንቡ ላይ ይሰቀል የሚልም ሐሳብ መጣ። ዘበኛው ሰምቶ ሳቀ። ዩኔስኮ በ1979 እ.ኤ.አ. የዓለም ቅርስ ብሎ የመዘገበው ግንብ ነው፤ ሚስማር አይመታበትም። አንዱ ድሮን ብሎ ጀመረ። ሁላችንም ዝም አልን። በዚህ ጊዜ እዚህ አገር ከሰማይ ድምፅ ሰምቶ ፈገግ የሚል ሰው የለም። ራሱም ደንግጦ ወደ ኬኩ ተመለሰ።

በዋዜማው ልምምድ ተደረገ። ፎቶ አንሺው ሥራውን የሚያውቅ ልጅ ነው፤ ትእዛዙ ግን ማለቂያ የለውም። «ስትንበረከክ ጎንህን ስጠኝ፣ ጀርባህን አይደለም። ክዳኑ ወደ እሷ ይከፈት። ቶሎ እንዳትነሳ፤ እሺ ስላለችህ ብቻ አትነሳ፣ እኔ እስክጨርስ ጠብቅ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «አንተ እሷን ሁን» አለኝ። ሆንኩ። እሱ ሌንሱን ይዞ ዋርካው ሥር ገባ። የአጎቴ ልጅ ተንበረከከ። እኔ ፀሐዩ ስለመታኝ ወገቤን ይዤ ፊቴን አጨማድጄ ቆሜያለሁ።

ጋቢ የለበሱ አባት በዚያ ሲያልፉ አዩን። በእኛ አገር ወንድ ልጅ ወንድ ፊት የሚንበረከከው ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ሲጠይቅ ነው። በትራቸውን ጥለው ሮጠው መጡ።

«ይቅር በለው፣ ልጄ!»

«አባቴ፣ ነገሩ እንደሱ አይደለም…»

«ነገሩን ኋላ ታስረዳኛለህ። ስለ ሥላሴ ብለህ ይቅር በለው። እይ፣ ድንጋይ እንኳ አጥቶ በባዶ ትከሻው!»

ምን ላድርግ። «ይቅር ለእግዚአብሔር» አልኩ። የአጎቴን ልጅ በክንዱ ይዘው አነሱት። በትከሻ አሳሳሙን። ፎቶ አንሺው ከዋርካው ጀርባ ማንሳቱን አላቆመም። እውነቱን ለመናገር ከጠቅላላው ሥራ የተዋጣለት ፎቶ ያ ነው።

«ምን በድሎህ ነው ግን?» አሉኝ በኋላ፣ ቁጭ ብለን።

«ምንም። ሚስት ሊያገባ ነው።»

ሽማግሌው ትንሽ አሰቡ። «እንግዲያው ይቅርታው ቀብድ ይሁነው» አሉ። ቀጥለው «አባቷ ያውቃሉ?» ብለው ጠየቁ። ሰርፕራይዝ መሆኑን ስንነግራቸው ጋቢያቸውን አስተካከሉ። «ሽማግሌ ሞልቷችኋል?» አሉ። ሁለት ነበሩን። ሦስተኛው እሳቸው ሆኑ።

ቀኑ ደረሰ። አዝማሪም ነበረ፤ ጎንደር ላይ ያለ ማሲንቆ ምን ይደረጋል? ልጅቷ ስትደርስ ዝም እንዲል፣ ከእሺታዋ በኋላ እንዲጀምር ተነግሮታል። አዝማሪና ዝምታ ግን መቼ ተስማምተው ያውቃሉ። የአጎቴ ልጅ በሱፍ ልብስ ላብ በላብ ሆኖ ሲንቆራጠጥ አይቶት ኖሮ ገና ልጅቷ በሩ ላይ ሳለች አንቆረቆረው፦

ምን ቢደርቅ መዋኛው ባይገባበት ውኃ፣
የልጁ ላብ በቃው ለፋሲል ለቀሃ።

ገባች። የሐበሻ ቀሚስ ለብሳለች፤ በሥራ ቀን፣ ከባንክ ወጥታ። ጥፍሯ ተሠርቷል። ፀጉሯ ከትናንት ማታ ጀምሮ የተለፋበት መሆኑን ሹሩባ የማያውቅ ሰው እንኳ ይለየዋል። የባጃጁ ልጅ በኋላ እንደነገረኝ መንገድ ላይ «ቀስ ብለህ ንዳ፣ ኬኩ ይወድቃል» ብላዋለች። ኬኩ ከኋላ በጨርቅ ተሸፍኖ ነበር።

የአጎቴ ልጅ ሊንበረከክ ጉልበቱን ሲያጥፍ ጎንበስ አለችና በጆሮው የሆነ ነገር አለችው። አክስቷ ከዋሽንግተን «ምን አለችው? ምን አለችው?» እያለች ትጮሃለች። ስልኩን የያዝኩት እኔ ነኝ፤ ጥርት አድርጌ ሰምቻለሁ።

«ፎቶ አንሺው በየት በኩል ነው?»

«ከዋርካው ጀርባ» አላት እሱም፣ ያጠናው ንግግር ሁሉ ጠፍቶበት።

ነጠላዋን አስተካከለች። በግራ በኩል ዞር አለች፤ ፎቶ አንሺው የፈለገውም ግራዋን ነበር። ከዚያ ደነገጠች። እንዴት ያለ ድንጋጤ! እጇ አፏ ላይ ሄደ፣ ግን ፊቷን አልሸፈነም። እንባዋ በሰዓቱ መጣ። ቀለበቱ መገጣጠሚያዋ ላይ ሲያዝባት እንኳ ፈገግታዋ አልተበላሸም። «እሺ» አለች። ዘበኛው እልል አለ፤ ወንድ ሆኖ ሳለ። የአጎቴ ልጅ ፎቶ አንሺው ጨርሻለሁ እስኪል ድረስ እንደተንበረከከ ቀረ። ቃል ጠባቂ ነው።

ግን የትወናን ነገር ካነሳን አባቷን ሳላነሳ ባልፍ ግፍ ነው። ፎቶው የዚያኑ ዕለት ማታ እጃቸው ገብቷል። መነጽራቸውን አድርገው፣ በሁለት ጣታቸው አስፍተው አይተውታል አሉ። «ይቺ ልጅ ብርድ ይመታታል፣ ነጠላ ብቻ ጣል አድርጋ» ብለው ስልኩን ደፉት። ሌላ ቃል የለም። በደንቡ መሠረት አልሰሙም፣ አላዩም።

በእሑዱ ሽማግሌዎቹ ሄዱ። እኔ ከኋላ ተከትዬ በሩ ጥግ ቆምኩ። ተቀመጡ ቢባሉ እምቢ አሉ፤ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም። ያ ጋቢ የለበሱት አባት ከፊት ናቸው። አባቷ ከመቀመጫቸው ተነሱ።

«ምነው በደኅና? ምን እግር ጣላችሁ?»

ቅንድባቸው ግንባራቸው መሀል ደረሰ። እኔ እንኳ የማውቀው ሰውዬ ለአንድ አፍታ እውነት መሰለኝ። ጉዳዩ ሲነገራቸው ግድግዳውን ደገፍ አሉ። «ልጄን? ገና ሕፃን እኮ ናት!» አሉ። ልጅቱ ጓዳ ሆና የምትቆላው ቡና እስከ ውጭ ይሸታል። «እኔ ብቻዬን የምወስነው አይደለም። ዘመድ ላማክር፣ እናቷን ልጠይቅ።» እናቷ «ምስጢር» ግሩፕ ውስጥ ከገቡ ሰንብተዋል።

ሽማግሌዎቹ «ይገባል፣ ይገባል» እያሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። በዚህ መሀል ጠረጴዛው ላይ ያለው የአባቷ ስልክ ጠራ። ከፊቱ በርቶ የመጣው ምስል ያ ፎቶ ነው። ዋርካው፣ ግንቡ፣ የተንበረከከው ልጅ፣ እጇን አፏ ላይ ያደረገችው ልጃቸው። ስልኩ ይጠራል፣ ምስሉ ያበራል። አባቷ እጃቸውን ዘርግተው በመዳፋቸው ሸፈኑት። ሦስቱም ሽማግሌዎች አንድ ላይ ቀና ብለው ጣሪያውን ማየት ጀመሩ።

ባለ ጋቢው አባት ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ታዲያ ቀጠሮው» አሉ፣ «መቼ ይሁንልን?»