ኮምፒውተሬን መልሱልኝ!

እኔ የምለው፣ «ሁለት በአንድ ነው» የሚለውን የሻጭ ቃል ማን ነው ሕግ ያደረገው? ከውጭ አገር ቢሮ የወጣ፣ መዝገብ የሚያክል ያገለገለ ዴስክቶፕ ያቀርቡልህና «ቀን ትሠራበታለህ፣ ማታ ከቴሌቪዥን ጋር ታገናኘዋለህ» ይሉሃል። ዋጋው ልብ ይሰርቃል። ቤት ከገባ በኋላ ግን ቀን የሚባል ነገር የለም፤ ሁሉም ማታ ሆኖ ይቀራል!

ይህ ዕቃ የተገዛው የሒሳብ ሥራዬን እንድሠራበት ነበር። አሁን ቴሌቪዥኑ ሥር ተጋድሞ የሳሎን ንብረት ሆኗል። ሪፖርት ልጽፍ ስቀመጥ እናቴ «ልጄ፣ ድራማዬን ክፈትልኝ» ትላለች። እሷ ስትጨርስ የእህቴ ልጆች ካርቱን ይላሉ። የደመወዝ ሰንጠረዡን በዚያ ትልቅ ስክሪን ላይ ስዘረጋ ደግሞ የመጣ እንግዳ ሁሉ ያነበዋል። በቀደም ጎረቤታችን ቡናቸውን ፉት እያሉ «እቺ ሴትዮ ግን ከሥራ አስኪያጁ እኩል ነው እንዴ የምታገኘው?» ብለው ጠየቁኝ። ምን ልበላቸው?

ሥራዬን ገብሬም ማየቱ በወጉ በሆነ! ከኋላው ቪጂኤ እና ዲስፕሌይ ፖርት የተባሉ የስክሪን መሰኪያዎች እንጂ ምስልና ድምፅ አብሮ ወደ ቴሌቪዥን የሚወስደው ኤችዲኤምአይ የለውም። ቪጂኤ ደግሞ ድምፅ አያስተላልፍም። ስለዚህ ተዋናዩ ቴሌቪዥኑ ላይ ያለቅሳል፣ ለቅሶው የሚሰማው ከሳጥኑ ሆድ ነው። መቀየሪያ ገዛሁ። ቀጥሎ የፊልሙ ነገር መጣ። እንደ እኔው ሳጥን ያሉት የኢንቴል አራተኛ ትውልድ ፕሮሰሰሮች እ.ኤ.አ. በ2013 ሲወጡ ኤች 265 የተባለው የቪዲዮ መጭመቂያ ገና አዲስ ነበር፤ እሱን የሚፈታ የራሱ ክፍል አልተሠራላቸውም። ሸክሙን ፕሮሰሰሩ ብቻውን ይሸከማል፤ ከባድ ፋይል ሲከፈት ምስሉ ይንተባተባል፣ ማራገቢያው ይጮኻል። ይህ ክፍል የመጣው ከስድስተኛው ትውልድ ጀምሮ ነው፤ ቀለሙ ይበልጥ ለረቀቀው ባለ 10 ቢት ፋይል ደግሞ ሰባተኛው ያስፈልጋል። ይህንን የሚነግርህ ሻጭ ካገኘህ ሳመው።

ኮዲ የተባለውን የፊልም ማጫወቻ ፕሮግራም ጫንኩ። ነጻ ነው፣ እውነቱን ለመናገር ጥሩም ነው። ግን ሪሞት የት አለ? እናቴ ምስር የምትለቅም ይመስል ኪቦርዱን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ቁልፉን አንድ በአንድ ትፈልጋለች። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ቴሌቪዥኑ ወዲያው ይነሣል፤ ሳጥኑ ግን ማብሪያውን የሚጫንለት፣ የይለፍ ቃል የሚያስገባለት ሰው ይጠብቃል። ያ ሰው ማን እንደሆነ መቼም አይጠፋችሁም። ያላስቀመጥኩት ሪፖርትማ አብሮ ሄዷል።

ማይክሮሶፍት እንኳ እ.ኤ.አ. በ2002 ለሳሎን ብሎ የጀመረውን ሚዲያ ሴንተር የተባለ የፊልምና የሙዚቃ ማጫወቻ በ2015 ዊንዶውስ 10 ሲመጣ ትቶታል። የእኛ ሻጮች ግን ዛሬም ሳሎን ሳሎን ይላሉ። ብቻውን የሚኖር ሰው ይግዛው፤ ከራሱ ጋር ተራ አይሻማም። ቤተሰብ ላለው ግን በዚህ ዕቃ የሚያተርፈው ሻጩ ብቻ ነው።

ትናንት ቆርጬ ተናገርኩ፦ ለቴሌቪዥኑ ሪሞት ያለው ርካሽ የአንድሮይድ ሳጥን ይገዛ፣ ኮምፒውተሬ ወደ ክፍሌ ይመለስ። እናቴ ዓይኗን ከድራማው ሳትነቅል «እሱንማ ለምደነዋል፤ ለአንተ ሌላ ግዛ» አለችኝ።