ይድረስ ለተከበሩት የእንግዳ ማረፊያ ሶፋ

ጉዳዩ፦ ያለ ፈቃዴ ስለመዋጤ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ስለ ምቾትዎ አመሰግናለሁ። ባለፈው ሐሙስ በእቅፍዎ ያሳለፍኩት አንድ ሰዓት ከሩብ ከአእምሮዬ አይጠፋም። ከወገቤም እንዲሁ።

የመጣሁበትን ጉዳይ ያስታውሱ እንደሆነ፣ ለአረጋውያን የተከፈተ የአካል እንቅስቃሴ ክፍል ልመዘገብ ነበር። ዕድሜዬ 76 ነው። ጉልበቴ፣ የሚታጠፈውም የሚያሠራውም፣ እየከዳኝ ነው። ቅጹ «ያለ ሰው እርዳታ ከመቀመጫ መነሳት ይችላሉ?» ይላል። «አዎ» ብዬ ሞላሁ። አልዋሸሁም፤ ቤቴ ያለው የእንጨት ወንበር ምስክሬ ነው። እርስዎን ገና አልተዋወቅኩም ነበራ!

የደረሰኝ ቁጥር 47 ነው። «ገና 43 ላይ ናቸው፣ እማማ፤ ቁጭ ይበሉ» አለኝ ጥበቃው። ቆሜ ብጠብቅ ይሻለኝ ነበር፤ ግን ሰው ሁሉ ዞሮ ሲያየኝ አፈርኩና ተቀመጥኩ። ተቀመጥኩ ማለቱም ልክ አይደለም፤ ወረድኩ። ጉልበቴ ወደ ደረቴ ወጣ፣ መቀመጫዬ ወለሉን ሊነካ ምንም አልቀረው።

«አርባ ሰባት!»

እጄን ጫን አድርጌ የምነሳበት ክንድ ፈለግኩ፤ እርስዎን የሠራው ባለሙያ ክንድ የሚባል ነገር አላስፈለገውም። ወደ ፊት ተንፏቀቅኩ፤ ቦርሳዬ ተገለበጠና መነጽሬም፣ መድኃኒቴም፣ መሐረቤም ሰው እግር ሥር ተበተነ። በሦስተኛው ሙከራዬ ግማሽ መንገድ ደርሼ ነበር። ያኔ ነው መልሰው የሳቡኝ። ስወድቅብዎ ያወጡት ድምፅ ደግሞ (ከቆዳዎ የወጣ አየር መሆኑን እርስዎና እኔ እናውቃለን) ከእኔ የወጣ መስሏቸው ሁለት ወጣቶች ከንፈራቸውን ነክሰው ወደ ስልካቸው አቀረቀሩ።

«አርባ ስምንት!»

ጥበቃውና አንድ ልጅ እግር ብብቴ ሥር ገብተው እንደ ጆንያ አነሱኝ። መስኮቱ ጋ ስደርስ ጸሐፊዋ ሁሉንም አይታለች። ቅጼን ተቀበለች፤ «አዎ» ያልኩትን ሰርዛ «አይ» ብላ ጻፈች። «እናቴ፣ እንቅስቃሴው ይከብድዎታል። መሥራት እንደሚችሉ ሐኪም ይጻፍልዎትና ይምጡ። እስኪ አሁን አረፍ ይበሉ» ብላ በእጇ አመለከተችኝ። ወደ እርስዎ!

ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ አንቱታው ይቆየንና አንተ ልበልህ። ልበርታ ብሎ የመጣን ሰው «ደካማ ነሽ» ብሎ መመለስ ምን የሚሉት ሥራ ነው? በ1990 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አለ፤ በመጦሪያ ቤት የሚኖሩ፣ ዕድሜያቸው በአማካይ 90 የሆነ ደካሞች ለ8 ሳምንት በእግራቸው ክብደት እየገፉ ሠሩ፤ የጡንቻቸው ጉልበት ከእጥፍ በላይ ጨመረ። ዘጠና! እኔ እኮ በእነሱ ፊት ልጅ ነኝ። በተቃራኒው ጤነኛ አረጋውያን ለ10 ቀን ብቻ አልጋ ላይ እንዲተኙ ሲደረግ ከእግራቸው ወደ አንድ ኪሎ የሚጠጋ ሥጋ ጎደለ። «አረፍ ይበሉ» የምትሉኝ ይህን እያወቃችሁ ነው? እኔን እርጅና ብቻውን አልጣለኝም፤ አስቀማጭ አለው። ሌላው ሰው ወንበር ሲይዝ አልነሳም ብሎ ያስቸግራል፤ እኔ ልነሳ ብዬ ወንበር ያዘኝ!

ይቅርታ፣ ክቡር፤ ደሜ ፈልቶ ነው። ወደ አንቱታው ተመልሻለሁ።

ባለሙያዎቹ ክንድን ደረት ላይ አጣጥፎ አምስት ጊዜ መነሳትና መቀመጥ ከ15 ሴኮንድ በላይ ከፈጀ ጡንቻው ደክሟል ይላሉ። እሺ። ግን ፈተናው የሚሰጠው ቁመቱ 43 ሴንቲ ሜትር ገደማ በሆነ ጠንካራ ወንበር ላይ ነው። ከእርስዎ ላይ ፈታኙ ራሱ አምስቴ ሲነሳ ልየው።

ከዘመዶችዎ ጋርም የቆየ ቂም አለኝ። መደገፊያ የሌለው ደረጃ። መንገዱን ሳጋምስ የሚቀላው መብራት። እነሱን ትቻቸዋለሁ። የልጆቼ ግን ይብሳል። ብርጭቆ ላነሳ ስል «ተዪው፣ እማዬ»። አንዴ መታጠቢያ ቤት አዳልጦኝ ከወደቅኩ ወዲህ ሽንት ቤት ስሄድ እንኳ ከኋላዬ ኮቴ እሰማለሁ። እንዳልወድቅ ብለው እንዳልራመድ አደረጉኝ፤ ሳልራመድ እግሬ ሳሳ፤ ሲሳሳ መውደቁ ይበልጥ ቀረበ፤ ሲቀርብ ጥበቃው ተጠናከረ። ይህን ለእነሱ አልነግራቸውም፣ ይከፋቸዋል። ለእርስዎ ግን ይነገራል፤ ጆሮ የለዎትም።

የሐኪሙን ወረቀት ፍለጋ ትናንት ሄጄ ነበር። ማረፊያ ክፍሉ ውስጥ ወንድምዎ ተዘርግቷል። ግድግዳ ተደግፌ ቆሜ ጠበቅኩ። ነርሷ ሦስት ጊዜ ብቅ ብላ «እማማ፣ ለምን ይቆማሉ?» አለችኝ።

ከሰላምታ ጋር፣
ባለ ቁጥር 47

ግልባጭ፦
ለወንድምዎ፣ ሐኪሙ ዘንድ
ለቤቴ ዝቅተኛ የሽንት ቤት መቀመጫ (እንዲያውቀው)