እቅድ ሰርዘው ለማያውቁ ሁሉ፣ ክብር ይገባችኋል

የጀመረውን የሚተው ሌላ ሕዝብ ይኖር ይሆናል። እኛ ግን፣ እግዜር ይመስገን፣ እቅድ ትተን አናውቅም። እናሸጋግራለን።

መስከረም ሲጠባ ባንክ የሚያድለውን አጀንዳ እንቀበላለን። የመጀመሪያውን ገጽ ገልጠን አምና የጻፍነውን ቃል በቃል እንገለብጣለን። መንጃ ፈቃድ ማውጣት፣ ጂም መጀመር፣ ጀርመንኛ መማር፣ ዶሮ እርባታ። አምናም ከካቻምናው ነበር የገለበጥነው። እንዲህ ያለ ታማኝነት ትዳር ውስጥም አይገኝ።

መሥሪያ ቤቶች ሐምሌ 1 ሲመጣ «በሂደት ላይ ያለ፣ ወደ ቀጣዩ በጀት ዓመት የተሸጋገረ» ብለው ሪፖርት ያደርጋሉ። ይህን ጥበብ ቤታችን ድረስ ማስገባታችን ሊያስመሰግነን ይገባል። ደግሞ እነሱ ያላቸው አንድ ሐምሌ ነው። የኛ ቀጠሮ መች ያልቃል? ክረምቱ ይውጣ። ሰርጉ ይለፍ። ጥምቀት ይድረስ። ጾሙ ይፈታ። ዐቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን ነው። መስከረም ካመለጠም የፈረንጆቹ አዲስ ዓመት አለ። መጪው 2019 ደግሞ ዘመነ ሉቃስ ስለሆነ ጳጉሜን 6 ቀን ይሆናል። አንድ ቀን ምርቃት!

ከሁሉ የማደንቀው ግን አንድ ወዳጄን ነው። አጀንዳው ላይ «ዶሮ እርባታ፤ የጫጩት ዋጋ ይጠየቅ» የሚል መስመር አለው። በየዓመቱ ወደ አዲሱ አጀንዳ ሲያሻግረው የድሮውን ዋጋ ሰርዞ የዘንድሮውን ይጽፍበታል። ዋጋው ይሰረዛል፣ እርባታው አይነካም። አንድ ጫጩት ግን እስካሁን አልገዛም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ? የሱ እንቁላል ገና አልተጣለም እንጂ መሄዱ አይቀርም። በሽርክና ሊገባ የተስማማው የሰፈሩ ልጅ ግቢው ጥግ ላይ ቆርቆሮ አልብሶ የዶሮ ቤት ሠርቷል። ባገኘው ቁጥር «እንዴት ነው ያ ነገር?» ይለዋል። ወዳጄም «አለ፣ አልተረሳም» ይለዋል። ጨዋነት ማለት ይኼ ነው! «ትቼዋለሁ» ቢለው እኮ ልጁ ቤቱን ለሌላ ነገር ያውለው ነበር። አሁን ባዶውን በተስፋ ቆሟል። ተስፋ መስጠት ደግሞ ጽድቅ ነው።

ሳይንሱም ከኛ ጋር ነው። ብሉማ ዛይጋርኒክ የምትባል የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1927 ባሳተመችው ጥናት፣ ሰው ከጨረሰው ሥራ ይልቅ መሃል ላይ የተቋረጠበትን አብልጦ ያስታውሳል ብላለች። ስለዚህ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ጀርመንኛው ትዝ ብሎን ስንባንን ጭንቀት እንዳይመስላችሁ። የማስታወስ ችሎታችን ዳብሮ ነው።

በስልክ የሚጠቀሙትም አላሳፈሩንም። ብዙው የስልክ ማስታወሻ ለአንድ ጉዳይ ሁለት መውጫ ብቻ ነው ያለው፤ ተሠርቷል ወይም ይጥፋ። ማጥፋት አንጀት ይበላል። ስለዚህ ብልሆቹ ያልሠሩትን «ተሠርቷል» ይሉታል። ጊታር መማር፣ ራይት! (ጊታሩ ቁም ሳጥን ላይ ነው። አቧራውን አትንኩበት።)

ወግ የማያውቅ ሰው ግን መቼም አይጠፋም። አንዲት የሥራ ባልደረባችን ባለፈው ሰሞን ዝርዝሯን አወጣችና ጀርመንኛው ላይ መስመር አሰመረችበት። ጎኑ ላይ «ተሰርዟል፤ ጀርመን የምሄድበት ጉዳይ የለኝም» ብላ ቀን ጻፈችበት። በዚህም አላበቃች። አብራት ልትማር ለነበረችው ልጅ ደውላ «እኔን አትጠብቂኝ» አለቻት። በጠራራ ፀሐይ! ይሉኝታ የለ፣ ሰው ምን ይለኛል የለ። ከዚያ የቀሯትን ሦስት ጉዳዮች ሐሙስ ሳይደርስ ጨረሰቻቸው።

አሁን ይኸው ለ2019 የምታሸጋግረው ነገር የላትም። ቡና ላይ ሁላችን እቅዳችንን ስናወራ እሷ ምን ልትል ነው? አንጀታችን ስላልቻለ ከየዝርዝራችን አንድ አንድ ልናዋጣላት ተስማምተናል። ከፋሲካ በኋላ።